ገዢ ኩባንያዎች ከአቅራቢዎቻቸው የሚጠይቁት የሥነ ምግባር ደንብ ምንድን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸከማል?

በጅማ፣ በሲዳማ ወይም በጌዴኦ አንድ ገበሬ እሸት ቡናውን ይዞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲሄድ የሚጠብቁት ጥያቄዎች ለዓመታት የታወቁ ነበሩ። ቡናው በደንብ ቀልቷል ወይ? ጥሬ አልተቀላቀለበትም ወይ? ስንት ኪሎ ይመዝናል?

በቅርብ ዓመታት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ተጨምረዋል። ቡናው የተለቀመበት ማሳ በትክክል የት ይገኛል? በማሳው ላይ የነበረ ደን እአአ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ተመንጥሯል ወይ? ለቀማው ላይ የተሳተፉት እነማን ናቸው?

እነዚህ ጥያቄዎች የማጠቢያ ጣቢያው ባለቤት ከራሱ ያመነጫቸው አይደሉም። መነሻቸው በሺዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለው አስመጪ፣ ከእርሱም ባሻገር ቡናውን ቆልቶና አሽጎ ለገበያ የሚያቀርበው ኩባንያ ነው።

በኬንያ ናይቫሻ አበባ የሚያለሙ እርሻዎች፣ በኬሪቾ ሻይ የሚያመርቱ ድርጅቶች፣ በሐዋሳ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያውቋቸዋል። ጥያቄዎቹ የሚመጡት 'የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ' በሚባል ሰነድ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰነድ ምንድን ነው? ሠራተኛውንና ገበሬውን ይጠብቃል ወይስ በአቅራቢው ትከሻ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ሸክም ነው?

ደንቡ ምን ይዟል?

የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ገዢ ኩባንያ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያቀርቡለት ድርጅቶች ሊያሟሏቸው ይገባል የሚላቸውን ግዴታዎች የሚዘረዝር ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከግዢ ውሉ ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ አቅራቢው ሲፈርምበትም የውሉ አካል ይሆናል።

የኩባንያዎቹ ስም ቢለያይም የሰነዶቹ ይዘት በእጅጉ ይመሳሰላል። በአመዛኙ አራት ጉዳዮችን ይሸፍናሉ።

የመጀመሪያው የሠራተኞች መብት ነው። የግዳጅ ሥራ፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛና አድልዎ ይከለከላሉ፤ ሠራተኞች የመደራጀትና በጋራ የመደራደር መብታቸው እንዲከበር ይጠየቃል። እነዚህ መርሆች የዓለም ሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) እአአ በ1998 ካወጣው መግለጫ የተቀዱ ናቸው። ድርጅቱ በ2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን አምስተኛው መሠረታዊ መርህ አድርጎ ጨምሯል።

ሁለተኛው የሥራ ቦታ ደኅንነት ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች ክፍት ስለመሆናቸው፣ ፀረ ተባይ ኬሚካል የሚረጩ ሠራተኞች መከላከያ ልብስ ስለማግኘታቸው፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ስለመኖሩ ይጠየቃል።

ሦስተኛው አካባቢን የሚመለከት ነው። ፋብሪካው የሚለቀው ፍሳሽ፣ እርሻው የሚጠቀመው የውሃ መጠን፣ የደን ይዞታና ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቀው ካርቦን ይካተታሉ። አራተኛው ደግሞ የንግድ ሥነ ምግባርን ይመለከታል፤ ጉቦ፣ የጥቅም ግጭትና ሐሰተኛ ሰነድ በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

ከአራቱ ሌላ አንድ ወሳኝ አንቀጽ አለ። አቅራቢው ራሱ ደንቡን ከማክበር አልፎ ለእርሱ የሚያቀርቡ ድርጅቶችና ግለሰቦችም እንዲያከብሩት የማድረግ ኃላፊነት ይጣልበታል። ግዴታው ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ተነስቶ በአስመጪው፣ በላኪው፣ በአቅራቢውና በሰብሳቢው በኩል እስከ ገበሬው ማሳ የሚወርደው በዚህ አንቀጽ ነው።

የአገር ሕግና የኩባንያ ደንብ ሲለያዩስ? በአብዛኞቹ ሰነዶች መሠረት ለሠራተኛው የተሻለ ጥበቃ የሚሰጠው ተፈጻሚ ይሆናል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ብዙ ዓለም አቀፍ ደንቦችም በተመሳሳይ ጠቅላላ የሥራ ሰዓቱን በሳምንት በ60 ሰዓት ይገድባሉ።

ከየት መጣ?

ሊቫይ ስትራውስ የተባለው የአሜሪካ የጂንስ አምራች እአአ በ1991 ለአቅራቢዎቹ ያወጣው ደንብ በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ናይኪ በእስያ ምርቶቹን በሚሠሩለት ፋብሪካዎች ስላለው የሠራተኞች ሁኔታ ብርቱ ትችት ገጠመው። ኩባንያው በ2005 የአቅራቢ ፋብሪካዎቹን ዝርዝር ይፋ አድርጓል።

የትችቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። ታዋቂ ኩባንያዎች ምርታቸውን በራሳቸው ፋብሪካ ማምረት ትተው በሌሎች አገሮች ላሉ ድርጅቶች ሲያሠሩ፣ ሠራተኛው ላይ ለሚደርሰው በደል "የእኛ ተቀጣሪ አይደለም" የሚል ምላሽ መስጠት ጀምረው ነበር። ደንቡ የዚህ ምላሽ በቂ አለመሆን የወለደው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በ2011 ያጸደቃቸው የንግድና የሰብዓዊ መብት መመሪያ መርሆች ይህን አስተሳሰብ ዓለም አቀፍ መሠረት ሰጡት። በመርሆቹ መሠረት መንግሥታት መብትን የመጠበቅ፣ ኩባንያዎች ደግሞ መብትን የማክበር ኃላፊነት አለባቸው፤ ጉዳት የደረሰበትም ሰው መፍትሔ ማግኘት አለበት።

ሚያዝያ 2013 ላይ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ ግን የደንቦቹ ድክመት ገሃድ ወጣ። በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ፋብሪካዎች ለምዕራባውያን ኩባንያዎች ልብስ ይሰፉ ነበር። ከአደጋው በኋላ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የሕንፃና የእሳት አደጋ ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ።

ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይ በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ውስጥ የሚደርሱ ጉዳቶችን እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የጀርመን ተመሳሳይ ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የራሱን መመሪያ አጽድቋል። ይሁንና ከኩባንያዎችና ከአንዳንድ አባል አገራት በመጣ ግፊት፣ መመሪያው ከ5,000 በላይ ሠራተኞችና ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዓመታዊ ሽያጭ ባላቸው ኩባንያዎች ላይ ብቻ እንዲወሰን፣ ተፈጻሚነቱም ወደ 2029 እንዲገፋ በታኅሣሥ 2025 ከስምምነት ተደርሷል።

ቁጥጥሩ እንዴት ይካሄዳል?

አንድ አቅራቢ ደንቡን ከፈረመ በኋላ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ስለራሱ የሚሞላው መጠይቅ ይላክለታል። ቀጥሎ ኦዲተሮች ይመጣሉ። ኦዲተሮቹ የደመወዝ መክፈያ መዝገብና የሥራ ሰዓት ሰሌዳ ይመረምራሉ፤ ፋብሪካውን ወይም እርሻውን ተዘዋውረው ያያሉ፤ የተወሰኑ ሠራተኞችንም ያነጋግራሉ።

ጉድለት ከተገኘ የማስተካከያ ዕቅድና የጊዜ ገደብ ይሰጣል። እንደ ግዳጅ ሥራ፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ወይም ለኦዲተር ጉቦ መስጠት ያሉ ጥፋቶች ግን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ትዕግሥት የማይሰጣቸው ናቸው፤ ውል እስከ ማቋረጥ ያደርሳሉ።

በዚህ ሂደት አንድ እርሻ ለተለያዩ ገዢዎች የሚያቀርብ ከሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ የተለያዩ ኦዲተሮችን ሊያስተናግድ ይችላል። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ቢሆኑም ቅጾቹና የምስክር ወረቀቶቹ ይለያያሉ። የኦዲቱን ክፍያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው አቅራቢው ራሱ ነው።

ይህን ድግግሞሽ ለመቀነስ በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ የአበባ አምራቾች የየራሳቸውን የጋራ ደንብ አዘጋጅተዋል። የኬንያ የአበባ ምክር ቤት ለአባላቱ የሚሆን የዘላቂነት መስፈርት አለው። የኢትዮጵያ የአትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም አበባ አምራቾችና ላኪዎች ማኅበርም የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃዎች ያሉት የአሠራር ደንብ ሲጠቀም ቆይቷል።

ኦዲተሩ የማያየው

የምስክር ወረቀት መኖሩ ግን ሥራ ቦታው ደኅና ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም።

መስከረም 2012 ላይ በፓኪስታን ካራቺ አሊ ኢንተርፕራይዝስ በተባለ የልብስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞተዋል። መውጫ በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶችም በብረት ፍርግርግ ተዘግተው ነበር። ፋብሪካው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኤስኤ8000 የተባለውን ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ኃላፊነት የምስክር ወረቀት አግኝቶ ነበር።

ቅርብ ወደሆነው አካባቢ ስንመጣ፣ በየካቲት 2023 ቢቢሲ ይፋ ባደረገው ምርመራ ለታዋቂ የሻይ ስሞች ምርት በሚያቀርቡ የኬንያ እርሻዎች ላይ ከሠሩ ሴቶች መካከል ከ70 በላይ የሚሆኑት በአለቆቻቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ዓለም አቀፍ ገዢዎቹ ወሲባዊ ትንኮሳን የሚከለክሉ ደንቦች ነበሯቸው። ጉዳዩ ለአደባባይ የበቃው ግን በጋዜጠኞች የምሥጢር ቀረጻና በሴቶቹ ምስክርነት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ኦዲተር የሚመጣው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ቀኑም አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል። ሥራዋ በአለቃዋ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሴት፣ አለቃዋ በሚያየው ቢሮ ውስጥ ለማታውቀው ሰው የደረሰባትን ልትናገር አትችልም። በየዕለቱ በቦታው ያለ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጡት ማኅበር ግን ኦዲተር የማይሰማውን ሊሰማ ይችላል።

የትርፍ ሰዓቱንስ ማን አመጣው?

ደንቦቹ የሚቆጣጠሩት የአቅራቢውን ባሕርይ ነው። ስለ ገዢው ባሕርይ የሚናገሩት ግን ጥቂት ነው።

ለምሳሌ በናይቫሻ ወይም በዝዋይ ባለ የአበባ እርሻ ላይ ለፍቅረኞች ቀን የሚሆን ጽጌረዳ በየካቲት አጋማሽ አውሮፓ መድረስ አለበት። ገዢው የትዕዛዙን መጠን በመጨረሻው ሰዓት ከጨመረ፣ አበባውን ቆርጦ ለመላክ ሠራተኛው ማምሸቱ አይቀርም። ከወራት በኋላ የሚመጣው ኦዲተር መዝገቡን ገልጦ ከመጠን ያለፈ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲያገኝ ጥፋቱ የሚመዘገበው በእርሻው ስም ነው። ትዕዛዙን ዘግይቶ የቀየረው ገዢ በሪፖርቱ ውስጥ ስሙ አይነሳም።

የኮቪድ ወረርሽኝ በ2020 ይህን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ያላቸው በርካታ የልብስ ኩባንያዎች በባንግላዴሽ ብቻ በቢሊዮን ዶላሮች የሚገመቱ ትዕዛዞችን ሰርዘዋል ወይም አዘግይተዋል። ከእነዚህ መካከል ተሰፍተው ያለቁ ልብሶች ይገኙበታል።

የደመወዝ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ብዙ ደንቦች አቅራቢው "በአገሩ ሕግ የተደነገገውን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል" እንዲከፍል ያስገድዳሉ። በኢትዮጵያ ግን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ተግባራዊነቱ ሲንከባለል ቆይቷል። በመሆኑም አንድ ፋብሪካ ለኑሮ የማይበቃ ደመወዝ እየከፈለ ደንቡን "አሟልቷል" ሊባል ይችላል።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የሰብዓዊ መብት ማዕከል በ2019 ባወጣው ሪፖርት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ገልጿል። ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ነው ብሏል። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች የፓርኩ ዋና ባለሀብት ነበር። ኩባንያው በኅዳር 2021 በአገሪቱ የነበረውን ጦርነት ጠቅሶ ሥራውን አቋርጧል። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል (አጎዋ) ተጠቃሚነት ሰርዛለች።

ገዢ ሲወጣ ሠራተኛዋ ምን ይሆናል? የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ መርሆች አንድ ኩባንያ ከአቅራቢው ጋር ያለውን ግንኙነት ከማቋረጡ በፊት፣ ማቋረጡ ራሱ በሰዎች ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት እንዲያጤን ይጠይቃሉ። በብዙ የአቅራቢ ደንቦች ውስጥ ግን ስለ መውጣት የተጻፈው አቅራቢው ሲያጠፋ ስለሚወሰድ እርምጃ ብቻ ነው።

"የእኛ ተቀጣሪ አይደለም" ማለት ያድናልን?

በአፍሪካ ቀንድ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። በኤርትራ የቢሻ ማዕድን ማውጫ ሠርተናል ያሉ ኤርትራውያን ኔቭሰን ሪሶርስስ የተባለውን የካናዳ ኩባንያ በካናዳ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከሳሾቹ በብሔራዊ አገልግሎት ስም ተገደው በንዑስ ተቋራጭ ሥር በማዕድኑ ግንባታ ላይ እንደሠሩ ገለጹ። ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 ክሱ በካናዳ ሊታይ ይችላል ሲል ወሰነ። ውሳኔው ክሱ እውነት መሆኑን ያረጋገጠ አልነበረም፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት ይዘቱ ይፋ ባልሆነ ስምምነት ተቋጭቷል። ሆኖም በሌላ አገር ባለ ንዑስ ተቋራጭ ሥር ተፈጸመ የተባለ በደል ዋናውን ኩባንያ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው እንደሚችል አሳይቷል። ኩባንያዎች አቅራቢዎቻቸው ስለሚያሠሯቸው ንዑስ ተቋራጮች ዝርዝር መረጃ የሚጠይቁበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው የሕግ ስጋት ነው።

ደንቡ ሕግ ሲሆን፡ ቡናና ደን

ለኢትዮጵያ፣ ለኡጋንዳ፣ ለኬንያና ለታንዛኒያ የቡና ገበሬዎች ከሁሉም በላይ ቅርብ የሆነው ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮን ለመከላከል ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉ በሰኔ 2023 የጸና ሲሆን ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ የቀንድ ከብትና እንጨት እንዲሁም ከእነዚህ የሚሠሩ ምርቶችን ይመለከታል።

በሕጉ መሠረት እአአ ከታኅሣሥ 31/2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የተመረተ ቡና በኅብረቱ ገበያ አይሸጥም። ምርቱ የአምራች አገሩን ሕግ ያከበረ መሆንም አለበት፤ የመሬት ይዞታና የሠራተኛ መብት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

አስመጪው ይህን ለማረጋገጥ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት። ማሳው እስከ 4 ሄክታር ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ የማሳው ዙሪያ ድንበር መለካት አለበት። ሕጉን የጣሰ ኩባንያ የሚጣልበት ከፍተኛ ቅጣት በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ ያላነሰ እንዲሆን ተደንግጓል።

ሕጉ መጀመሪያ በ2024 ማብቂያ ተግባራዊ ሊሆን ታስቦ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በታኅሣሥ 2025 በጸደቀው ማሻሻያ መሠረት ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ከታኅሣሥ 30/2026፣ ለአነስተኛዎቹ ደግሞ ከሰኔ 30/2027 ጀምሮ እንዲጸና ቀን ተቆርጦለታል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ቡና ለአገሪቱ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘ ዋነኛ የወጪ ንግድ ምርት ነው፤ ጀርመንና ቤልጂየም ከዋነኞቹ ገዢዎች መካከል ናቸው። የቡናው አብዛኛው ክፍል የሚመረተው ከጥቂት ሄክታር በታች መሬት ባላቸው ገበሬዎች ነው።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ገደማ ጆንያዎች ይይዛል። ይህ ከብዙ ገበሬዎች ጓሮ የተሰበሰበ ምርት ነው። እሸት ቡና ከገበሬው ወደ ሰብሳቢው፣ ከዚያም ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ወደ አቅራቢውና ወደ ላኪው ሲሸጋገር በየደረጃው ይቀላቀላል። እአአ በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለረጅም ጊዜ ቡናን በአካባቢና በደረጃ መድቦ ሲያገበያይ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ምርት ተለይቶ አይታወቅም ነበር።

በአውሮፓ ሕግ ግን መገኛው የታወቀን ቡና ካልታወቀ ጋር መቀላቀል አይፈቀድም። ማሳው ያልተመዘገበ የአንድ ገበሬ ጥቂት ኪሎ ጠቅላላውን ጭነት ሊያበላሽ ይችላል።

በመሆኑም ለላኪው ቀላሉ መንገድ ከመንገድ ዳር ካሉና ከተመዘገቡ ገበሬዎች ብቻ መግዛት ሊሆን ይችላል። ከመኪና መንገድ የራቀው፣ ስልክ የሌለው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሟች አባቱ ስም ያለ ገበሬ ከሰንሰለቱ ሊወጣ ይችላል። ይህ ገበሬ አንዲት ዛፍ ላይቆርጥ ይችላል፤ ከገበያ የሚያስወጣው ማስረጃ ማጣቱ ነው።

በከፋ፣ በሸካና በያዩ ደግሞ ሌላ ተቃርኖ አለ። በእነዚህ አካባቢዎች ቡና የሚበቅለው በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግበዋል። ከሰማይ የሚነሳ የሳተላይት ምስል የጥላ ቡናን ከጥብቅ ደን ለመለየት ሊቸገር ይችላል፤ ገበሬው ያረጁ የጥላ ዛፎችን ሲያሳሳም እንደ ምንጣሮ ሊቆጠርበት ይችላል። ደኑን ለትውልድ ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ንጹሕነቱን ለማስረዳት የበለጠ የሚለፋበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ሕፃናትን በተመለከተ ያለው አንቀጽም በገጠር ሲተረጎም ጥንቃቄ ይሻል። አይኤልኦና ዩኒሴፍ በ2025 ባወጡት ግምት በዓለም 138 ሚሊዮን ሕፃናት በጉልበት ብዝበዛ ውስጥ ሲሆኑ፣ 61 በመቶ የሚሆኑት በግብርና ዘርፍ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። የኢትዮጵያ የቡና ለቀማ በአመዛኙ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ይውላል። ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ወላጆቹን ጥቂት የሚያግዝ ልጅና ትምህርቱን ትቶ ከባድ ጆንያ የሚሸከም ልጅ አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ሳይመረምር የቤተሰቡን ቡና አልገዛም የሚል ገዢ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አይመልሰውም።

ወጪውን ማን ይሸከማል?

ማሳ ለመለካት የሰው ኃይል፣ ስልክ፣ ትራንስፖርትና መረጃውን የሚያደራጅ ባለሙያ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ላኪዎች፣ የገበሬ ዩኒየኖችና የልማት አጋሮች በምዝገባው ተሳታፊ ሆነዋል። ኡጋንዳም የቡና ገበሬዎቿን በብሔራዊ ደረጃ የመመዝገብ ሥራ ጀምራለች።

ይሁንና ማሳውን ያስመዘገበ ገበሬ በዚህ ምክንያት የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ሕጉ አያስገድድም። በዚህ በኩል የምስክር ወረቀት ሥርዓቶች ይለያሉ። ለምሳሌ ፌርትሬድ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ቡና በአንድ ፓውንድ 1.80 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ አስቀምጧል፤ ለገበሬው ማኅበር የሚሰጥ 20 ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያም አለው። የዓለም ገበያ ሲወድቅ ይህ ወለል ትርጉም ይኖረዋል።

የአውሮፓ ጥያቄ የከበደበት ላኪ እንዲህ ያለ ሕግ ወደሌላቸው ገበያዎች፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ቡና በብዛት ወደሚገዙት ሳዑዲ አረቢያና ቻይና ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ይህ ለነጋዴው አማራጭ ቢሆንም ደኑን በተመለከተ ለውጥ አያመጣም።

ከመፈረም በፊት ምን መጠየቅ ይገባል?

አንድ ላኪ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ፋብሪካ የገዢን ደንብ ሲቀበል የሚፈርመው አስገዳጅ ውል ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጥያቄዎችን አስቀድሞ ማንሳት ይጠቅማል።

የኦዲቱንና የማሳ ልኬቱን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ከሌላ ገዢ የተገኘ የኦዲት ውጤት ተቀባይነት አለው? ጉድለት ሲገኝ ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ይሰጣል? ገዢውስ በዚያ ጊዜ ውስጥ መግዛቱን ይቀጥላል?

የገበሬዎቹ የማሳ መረጃ ባለቤት ማን እንደሆነም በጽሑፍ መስፈር አለበት። መረጃው በአንድ ላኪ ወይም በአንድ ገዢ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ገበሬው ቡናውን ለሌላ ለመሸጥ ሲፈልግ ሊቸገር ይችላል። ማኅበሩ የራሱን ቅጂ መያዙ የመደራደር አቅም ይሰጠዋል።

ከሁሉም በላይ ገዢው በራሱ ላይ የሚጥለው ግዴታ አለ ወይ? ትዕዛዝ በመጨረሻው ሰዓት አለመቀየር፣ ክፍያን በወቅቱ መፈጸም፣ የተሠራ ዕቃን አለመሰረዝና የደንቡን ወጪ ያገናዘበ ዋጋ መክፈል በውሉ ውስጥ ሊካተቱ የሚችሉ ነጥቦች ናቸው። ብቻውን የቆመ አነስተኛ አቅራቢ እነዚህን ቢጠይቅ ሰሚ ላያገኝ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በዩኒየንና በአምራቾች ማኅበር በኩል ሲቀርቡ ግን ክብደት ይኖራቸዋል።

የሥነ ምግባር ደንቡ የተጻፈው ተገቢ ለሆነ ዓላማ ነው። የተቆለፈ በር ሰው ገድሏል፤ የተመነጠረ ደንም አይመለስም። ነገር ግን ደንቡ ውጤት የሚያመጣው ግዴታው ወደ ታች ወደ ገበሬው ሲወርድ፣ ለግዴታው የሚያስፈልገው ገንዘብም አብሮ ሲወርድ ነው።

በማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ "ማሳህ የት ነው?" ተብሎ የሚጠየቀው ገበሬ መልስ የመስጠት ግዴታ ተጥሎበታል። እርሱም በበኩሉ "ይህን ሁሉ ሳሟላ ቡናዬን በስንት ትገዙታላችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ገዢ ያስፈልገዋል።